የእንጦጦው አሜጃና የድባቴ መድኃኒት ፍተሻ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ስትወጡ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ባለበት ዳገት ላይ ደማቅ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ካያችሁ ቆም በሉ። አሜጃ ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት፤ ካሪ ካሪ ይላል። ይህ የደጋ ተክል፣ ድባቴን ያድን እንደሆነ በብዛት ለተፈተሸው ለአውሮፓው ሴንት ጆንስ ዎርት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሃይፐሪከም ከሚባለው ወገን ናቸው። የአውሮፓውን ቅጠል ወደ ብርሃን ሲያዩት በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል፤ እምቡጡን ሲጨፈልቁት ጣት ያቀላል።

ታዲያ አንድ ዕፅ ድባቴን ማዳኑ እንዴት ይታወቃል? «ጠጥቼው ተሻለኝ» ለምን አይበቃም? ድባቴ ከፍ ዝቅ የሚል ሕመም ነው። ሰው መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው በጣም ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባይወስድም ሰንበት ሲል ሻል ሊለው ይችላል። በየጊዜው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ባለሙያ ማግኘቱም ያበረታዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ታካሚዎቹን በዕጣ ይከፍሏቸዋል፤ ገሚሱ ዕፁን፣ ገሚሱ በመልክ የማይለይ ባዶ እንክብል፣ ማለትም ፕላሴቦ፣ ይወስዳል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሙከራው እስኪያልቅ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታተመ ሙከራ 340 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። ሙሉ ለውጥ ያሳዩት ሴንት ጆንስ ዎርትን ከወሰዱት 24 ከመቶ ገደማ፣ ሰርትራሊን የተባለውን የታወቀ መድኃኒት ከወሰዱት 25፣ ባዶውን እንክብል ከወሰዱት ግን 32 ከመቶ ገደማ ሆኑ! ዕፁ አይረባም ለማለት ይህን ማስረጃ የሚያነሡ አሉ። እኔ አልስማማም። በሌሎች ጥናቶች የተመሰከረለት ሰርትራሊንም እዚያው ባዶውን መብለጥ አቅቶታልና፣ ሙከራው የሚሠራውን ከማይሠራው አልለየም። ለዚህም ነው አንድ ሙከራ ብቻውን የማይበቃው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም 29 ሙከራዎችን፣ 5,489 ታካሚዎችን አንድ ላይ መዘነ። ዕፁ ከባዶው እንክብል በልጦ፣ ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ተስተካክሎ ተገኘ። ከጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የመጡት ውጤቶች ግን ከሌሎቹ ይልቅ ያማሩ ነበሩ፤ ይህ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

«ዕፅ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለውን ደግሞ ተዉት። ሴንት ጆንስ ዎርት ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ የሚገኝበትን መጠን በአማካይ በ57 ከመቶ ቀንሶታል። ዛሬ በስፋት የሚሰጠውን ዶሉቴግራቪርንም ያዳክማል። ይህ ለእንጦጦ የሩቅ ወሬ አይደለም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ሲጠመቁበት የኖረ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸው ለብዙዎች እፎይታ ነበር። ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጋጭም፤ ይህ ዕፅ ግን ይጋጫል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልንና ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛም እንዲሁ ያዳክማል። ከሌላ የድባቴ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ደግሞ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

ያ ሁሉ ሙከራ የተደረገው በአውሮፓው ዝርያ ላይ ነው፤ ዝምድናው ብቻ አሜጃን መድኃኒት አያደርገውም። በአግባቡ ይፈተሽ ባይ ነኝ። የአገራችን ሰው ይህን ሠርቶ አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ያየውን ይዞም ወደ ላቦራቶሪ ገባ። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ።

እስከዚያ አሜጃን ቀጥፋችሁ አታፍሉ። ሐዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የሚወዱትን ነገር መጥላቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የምትጠጡት ቅጠል ካለም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት።