ሁለት ወርቅ፣ አንድ ወዳጅነት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2021 ምሽት፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስታዲየም፣ የወንዶች ከፍታ ዝላይ ፍጻሜ ያለ አሸናፊ ቆሞ ነበር። የኳታሩ ሙዕተዝ ዒሳ በርሺምና የጣልያኑ ጃንማርኮ ታምቤሪ እስከ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ያለውን ከፍታ ሁሉ በመጀመሪያ ሙከራቸው አልፈዋል። በ2 ሜትር ከ39 ላይ ግን ሁለቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልተሳካላቸውም። ዳኛው አሸናፊው በተጨማሪ ዝላይ እንዲለይ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ በርሺም ሁለት ወርቅ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እንደሚቻል ሲነገረው ሁለቱ ተያዩ፤ ብዙ መነጋገር አላስፈለጋቸውም። ታምቤሪ በደስታ ዘሎ በወዳጁ ላይ ተጠመጠመ።

የስፖርቱ ደንብ እኩል የሆኑ ተወዳዳሪዎች መዝለል ለማቆም ከተስማሙ አንደኝነቱን እንዲጋሩ ይፈቅዳል። ውሳኔው ግን ቀላል አልነበረም። በርሺም በለንደንና በሪዮ ኦሊምፒኮች ሜዳልያ ቢያገኝም ወርቁ ሁለቴ አምልጦታል። ታምቤሪ ደግሞ ሪዮ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በሞናኮ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ከጨዋታዎቹ ቀርቷል፤ ያኔ እግሩ ላይ የታሰረለትን ጄሶ እስከ ቶኪዮ ድረስ ይዞት መጥቶ ነበር። ለብቻው ለመንገሥ ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

የዚያ ምሽት ውሳኔ ሥሩ ከዓመታት በፊት የተተከለ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በጁላይ 2010 በካናዳዋ ሞንክተን ከተማ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው። በርሺም የ19፣ ታምቤሪ የ18 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አንዱ በዶሃ፣ የሱዳን ዝርያ ካለው ሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ፤ ሌላው ከጣልያን የመጣ የቀድሞ ከፍታ ዘላይ ልጅ። በቋንቋም፣ በሃይማኖትም፣ በባህልም አይገናኙም። ያገናኛቸው አንድ አግዳሚ ዘንግ ነበር።

ወዳጅነቱ የተፈተነው በሽንፈት ጊዜ ነው። ታምቤሪ ከጉዳቱ በኋላ በ2017 በፓሪስ ተወዳድሮ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ክፍሉን ዘግቶ ማንንም ማየት እንዳልፈለገ ኋላ ላይ ተናግሯል። በሩን ያንኳኳው በርሺም ነበር። ገብቶ አጽናናው፤ ከከባድ ጉዳት የተመለሰ ሰው ራሱን ማስቸኮል እንደሌለበትም መከረው። በቀጣዩ ዓመት በርሺም ራሱ በሃንጋሪ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፤ የማበረታታቱ ተራም የታምቤሪ ሆነ።

ይህ ወዳጅነት በቶኪዮ ወርቅ አላበቃም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ በርሺም ለመዝለል እየሮጠ ሳለ የባት ጡንቻው ተሸማቆ ወደቀ። ፈጥኖ ደርሶ እግሩን የያዘለት ተፎካካሪው ታምቤሪ ነበር። በርሺም ከዚያ ተነሥቶ በፍጻሜው የነሐስ ሜዳልያ አገኘ።

በሱረቱል ሑጁራት፣ የሰው ልጅ በሕዝብና በጎሳ መለያየቱ እርስ በርስ ለመተዋወቅ መሆኑ ተገልጿል። መተዋወቅ ግን ስፍራና ጊዜ ይፈልጋል። ከሞንክተን ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ከኦገስት 14 እስከ 26 በሲንጋፖር የተካሄደው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሊምፒክ ይህንኑ ታሳቢ ያደረገ ነበር። ከ14 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ታዳጊዎች ከውድድሩ ጎን ለጎን በባህልና በትምህርት መርሐ ግብር ተሳትፈዋል። እንደ ጁዶ ባሉ ስፖርቶችም ከተለያዩ አገሮች የመጡ ልጆች በአንድ ቡድን ተሰልፈዋል። ጨዋታዎቹ በ1431 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ውስጥ ስለዋሉ፣ ሙስሊም ያልሆኑ ታዳጊዎች ስለ ጾምና ስለ ኢፍጣር ከእኩዮቻቸው አንደበት የሚሰሙበት አጋጣሚ ነበር። ለኢትዮጵያ በ1,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ያመጣው መሐመድ አማንም የዚያ መንደር ነዋሪ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በሞስኮ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

በወረርሽኙ ምክንያት ከ2022 ወደ 2026 የተላለፈው የዳካር የወጣቶች ኦሊምፒክ ለአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነው ሴኔጋል፣ ከየአህጉሩ የሚመጡ ታዳጊዎች አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፤ አንድ መንደርም ይጋራሉ። ሜዳልያው ለጥቂቶች ይደርሳል፤ ወዳጅ ይዞ መመለስ ግን ለሁሉም የተከፈተ ዕድል ነው። በርሺምና ታምቤሪ በቶኪዮ መድረክ ላይ ወርቁን አንዱ ለሌላው አንገት ያጠለቁት፣ በወጣትነታቸው ያንን ዕድል ስላልናቁት ነው።