ራስን መካድ ምን እንደ ሆነ፤ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ፰ ቁጥር ፴፬ ትርጓሜ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሊከተለው ለሚወድ ሁሉ ሦስት ነገር አዘዘ፤ ይኸውም ራሱን እንዲክድ፥ መስቀሉን እንዲሸከም፥ እርሱንም እንዲከተል ነው። ከሦስቱ አስቀድሞ የተነገረው ራስን መካድ ነው፤ ራሱን ያልካደ ሰው መስቀሉን ሊሸከም፥ ጌታውንም እስከ መጨረሻው ሊከተል አይችልምና። ብዙ ሰዎች ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ሥጋና ወተት መተው፥ ወይም ከዓለም ርቆ በገዳም መቀመጥ ብቻ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ምስጢሩን ከራሱ ከወንጌሉ እንመርምር።

መካድ ማለት የሚያውቁትን አላውቅም ማለት ነው። ዕዳውን የካደ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ገንዘብ ጠያቂውን፥ «እኔ አላውቅህም፤ ከእኔም የምትሻው የለህም» ይለዋል። እንዲሁም ራሱን የሚክድ ሰው ለገዛ ፈቃዱ፥ ክብርን ለሚሻ ልቡ፥ ስለ ነፍሱ ለሚሟገት ፍርሃቱ፥ «ጌታዬ አንተ አይደለህም፤ የምታዝዝብኝም የለህም» ብሎ ይመልስለታል። እንግዲህ የሚካደው አንድ መብል ወይም አንድ ልብስ አይደለም፤ በልብ ዙፋን ላይ የተቀመጠው «እኔ» ነው እንጂ።

ይህንም የቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ ይገልጥልናል። በቂሣርያ ፊልጶስ አጠገብ ጴጥሮስ ጌታው ክርስቶስ እንደ ሆነ መሰከረ። ጌታ መከራ እንዲቀበልና እንዲሞት በነገራቸው ጊዜ ግን ወደ እርሱ ወስዶ ሊገሥጸው ጀመረ፤ ክብሩን ወደደ፥ ሕማሙን ግን አልወደደም። ጌታም ጴጥሮስን ከገሠጸው በኋላ ሕዝቡንና ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ ይህን ትእዛዝ ተናገረ።

ከዚህ በኋላ ያ ትእዛዙን የሰማው ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ አንዲት ገረድ አወቀችው። እርሱም ፈርቶ ጌታውን አላውቀውም አለ፤ እስከ ሦስት ጊዜም ካደው። ወንጌላዊው በጽርዕ ቋንቋ ሲጽፍ ራስን ስለ መካድ የጻፈውና ጌታ የጴጥሮስን ክህደት አስቀድሞ የተናገረበት ቃል አንድ ነው። በዚያች ሌሊት በጴጥሮስ ፊት ሁለት ክህደት ቀርቦለት ነበር፤ ወይ ራሱን መካድ፥ ወይ ጌታውን መካድ። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ራሱን አልክድ ስላለ ጌታውን ካደ። ጌታ ግን አልጣለውም፤ ከትንሣኤው በኋላ ሦስት ጊዜ ፍቅሩን ጠይቆ በጎቹን አደራ ሰጠው። በኋላም በሮሜ ስለ ጌታው ተሰቅሎ እንደ ሞተ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል።

በአገራችንም በዚህ ሐዋርያ ስም የተጠሩት አቡነ ጴጥሮስ እንዲህ ያለ ፈተና ደረሰባቸው። እርሳቸው በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። መንጋቸውን ክደው ራሳቸውን ከማዳን ይልቅ ራሳቸውን ክደው ከመንጋቸው ጋራ ቆሙ።

ሁለተኛው ትእዛዝ መስቀልን መሸከም ነው። በሮማውያን ዘንድ ስቅላት የተፈረደበት ሰው የመስቀሉን እንጨት ተሸክሞ በሕዝብ ፊት ወደሚሞትበት ስፍራ ይሄድ ነበር። ሕመምና ድኽነት ሳይወዱ ይመጣሉ፤ ይህ መስቀል ግን ስለ ጌታና ስለ ባልንጀራ ሲሉ ወደው የሚሸከሙት ነው። ቅዱስ ሉቃስም ዕለት ዕለት የሚሸከሙት መሆኑን ጽፎልናል (ሉቃ. ፱፥፳፫)። ስለዚህ ትእዛዙ ለሰማዕታት ብቻ አይደለም፤ ለገበሬውም፥ ለነጋዴውም፥ ለእናቲቱም ነው።

ሦስተኛውም መከተል ነው፤ ጌታችን ሊያገለግል እንጂ ሊገለገል አልመጣምና፥ የሚከተለው ሁሉ ወደ ባልንጀራው አገልግሎት ይደርሳል። በግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን የተገኘው የሄርማስ መጽሐፍ፥ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ ቈጥሮ ለመበለት፥ ለድኻ አደግና ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። ጾሞ ያተረፈውን በሣጥኑ የሚያኖር ሰው እንግዲህ ምግቡን ካደ እንጂ ራሱን አልካደም።

ነገር ግን ራስን መካድ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሰውነት ማጐሳቈል፥ ወይም ግፈኛ ድኻውን ሲበድል አይቶ ዝም ማለት አይደለም። ጌታ ስለ እርሱ ብሎ ነፍሱን የሚያጠፋ እንደሚያድናት ተስፋ ሰጥቷልና፥ ፍጻሜው ሕይወት ነው እንጂ ጥፋት አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ የገረዲቱ ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል። በሐሰት መስክረህ ርስት የምታገኝ በሆንህ ጊዜ፥ ይቅርታ ብትለምኚ ክብርሽ የሚቀንስ በመሰለሽ ጊዜ፥ ከሁለቱ አንዱ መካዱ አይቀርም። ያን ጊዜ አላውቅህም የምንለው ራሳችንን እንጂ ጌታችንን እንዳይሆን፥ ጴጥሮስን በምሕረት ዓይን የተመለከተ አምላክ ይርዳን። አሜን።