ስለ ሳንቶሪኒ ደሴት የወይን ተክልና ስለ ነጭ ወይን ጠጁ

የወይን ተክል ብዙ ዝናብና የሰባ መሬት ካላገኘ አይረባም የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በግሪክ አገር በኤጌ ባሕር ውስጥ ያለችው የሳንቶሪኒ ደሴት ይህ አሳብ ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑን ታስረዳለች።

ክርስቶስ ከመወለዱ 1600 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በዚያች ደሴት ታላቅ እሳተ ገሞራ ስለ ፈነዳ፥ የተረፈው ምድር በአመድና በቀላል ፍርፍር ድንጋይ ተሸፈነ። ወንዝ የለባትም፤ ጥቂቱም ዝናብ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ በበጋም ከሰሜን ብርቱ ነፋስ ይነፍስባታል።

ስለዚህ የአገሩ ገበሬ ሐረጉን በእንጨት ደግፎ ወደ ላይ አያወጣውም። በየዓመቱ በገረዘው ጊዜ ቅርንጫፉን በመሬት ላይ እያዞረ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል። ዘለላውም በቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ከነፋስና ከፀሐይ ቃጠሎ ይድናል። ሌሊት ከባሕር የሚመጣውን ጉምና ጤዛ ፍርፍሩ ድንጋይ መጥጦ ይይዝና ለተክሉ ያካፍለዋል። ቅርጫቱ አርጅቶ ፍሬው ሲያንስ ከመሬት አጠገብ ይቈረጣል፤ ከዚያው ከአሮጌው ሥርም አዲስ ቅርንጫፍ ይበቅላል። በዚህ ምክንያት ግንዱ አዲስ ሆኖ ሥሩ እጅግ ያረጀ ተክል ይገኛል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ ሥሩን እየበላ የአውሮጳን ወይን ባጠፋ ጊዜ፥ ሌሎች አገሮች የወይናቸውን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እያጣበቁ ለመትከል ተገደዱ። በሳንቶሪኒ ግን አፈሩ አሸዋማ በመሆኑ ተባዩ ሊኖርበት ስላልቻለ፥ ወይኑ እስከ ዛሬ በገዛ ሥሩ ቆሞ ይገኛል።

ዋናው ተክል አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይን ነው፤ አቲሪና አይዳኒ የሚባሉትም አብረውት ይተከላሉ። አሲርቲኮ በብርቱ ፀሐይ በስሎ እንኳ ቆምጣጣነቱን ስለማይለቅ፥ የሚወጣው ወይን ጠጅ ጣፋጭነት የሌለው፥ ኃይለኛና ለብዙ ጊዜ ሊቀመጥ የሚችል ነው። መከሩ በነሐሴ ወር ይሰበሰባል። በጥንት ጊዜ ሙቀት ጭማቂውን እንዳያበላሸው በሌሊት ይጨምቁት ነበረ፤ ኒክቴሪ የሚባለው ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከዚህ የሌሊት ሥራ ነው። ቪንሳንቶ ለሚባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ደግሞ ዘለላው ከ12 እስከ 14 ቀን ያህል በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደ ዘቢብ ሲጠወልግ ይጨመቃል፤ ከዚያም ከ2 ዓመት ያላነሰ በእንጨት በርሜል ይቀመጣል። ይህ ወይን ጠጅ ቀድሞ ለቅዳሴ አገልግሎት ወደ ሩሲያ ይሸጥ ነበረ።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ደሴቲቱን ስለ ጐዳ ብዙ ሰው ተሰደደ። ከዚያም በኋላ አገር ጎብኚ እየበዛ ስለ ሄደ፥ የወይን መሬት ለሆቴልና ለቤት ሥራ እየተሸጠ እርሻው አነሰ። በ1971 ዓ.ም. የሳንቶሪኒ ወይን ጠጅ ስም በሕግ ተጠበቀ፤ ነገር ግን የስሙ መጠበቅ ብቻውን መሬቱን አላዳነውም። በ2023 እና በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅና ሙቀት ስለ በረታ መከሩ እጅግ ጐደለ።

እንግዲህ አገር የሚያስተዳድርም ርስት ያለውም ሰው ከዚህ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ደረቅ መሬት እንኳ ጠባዩን በሚያውቅ ገበሬ እጅ ሲሆን የከበረ ፍሬ ይሰጣል። ሕንፃ በጥቂት ወራት ይሠራል፤ ብዙ ትውልድ ያቆየው ሥር ግን አንድ ጊዜ ከተነቀለ በገንዘብ ኃይል አይመለስም።