ፋይሉ ይከፈት ወይስ ይውረድ?

ድረ ገጽ ላይ ያለ የፒዲኤፍ ቅጽ ሲነካ ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈታል፤ ዚፕ ፋይል ግን በቀጥታ ዳውንሎድ ይሆናል። ሰርቨሩ ማንኛውንም ፋይል ከመላኩ በፊት ሄደር የሚባሉ አጫጭር መግለጫዎችን ያስቀድማል። «ኮንቴንት-ታይፕ» የተባለው የፋይሉን ዓይነት ይናገራል፤ ብራውዘሩ የሚያውቀው ዓይነት ከሆነ ያሳየዋል፣ ካልሆነ ያወርደዋል።

የሚታየውም እንዲወርድ ሲፈለግ «ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን» የተባለ ሄደር ይታከልና «አታችመንት» ይባልበታል። ሄደሩ መጀመሪያ የወጣው ለኢሜይል አባሪዎች ነበር፤ በድር ላይ ያለው አጠቃቀም እ.ኤ.አ. በ2011 በአርኤፍሲ 6266 ተደነገገ። አንዳንዶች ይህን ትተው ፋይሉን ሁሉ ዓይነቱ ያልታወቀ አስመስለው ይልኩታል። ይወርድ ይሆናል፤ ግን ስለ ፋይሉ ሐሰት መናገር ነው፣ አልመክረውም።

አፓቺ በተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ላይ «ሞድ_ሄደርስ» የተባለው ሞጁል ሥራ ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ሄደሩን የሚያክለው ትእዛዝ «ፋይልስማች» በሚባለው ክፍል ውስጥ ሲጻፍ የተመረጡትን ብቻ፣ ለምሳሌ የኤምፒ3 ፋይሎችን፣ ይመለከታል።

ኤንጂንኤክስ በተባለው ሌላ የሰርቨር ፕሮግራም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አድ_ሄደር» የሚለው ትእዛዝ አንድ «ሎኬሽን» ውስጥ ሲጻፍ፣ ከላይ በ«ሰርቨር» ደረጃ በዚያው ትእዛዝ የታከሉት ሄደሮች በሙሉ እዚያ ቦታ ላይ አይሠሩም። ፋይሉ እንዳሰብነው ይወርዳል፤ የደኅንነት ሄደሮቹ ግን ማንም ሳያውቅ ጠፍተዋል። ስለዚህ እነርሱንም እዚያው ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ለውጡን በብራውዘር ብቻ ማየት አይበቃም፣ የቆየ ካሽ ያሳስታል፤ «ከርል» በሚባለው ፕሮግራም ሄደሮቹን ብቻ አስመጥቶ ማንበብ ይሻላል።

ለማንበብ የተዘጋጀ ሰነድ ምርጫው የአንባቢው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሳይፈልግ ስልኩ በፋይል አይሙላበት። ተጠቃሚዎች የሚጭኑት ፋይል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤችቲኤምኤል ወይም ኤስቪጂ ፋይል ውስጥ ስክሪፕት ሊደበቅ ይችላል፤ በድረ ገጹ አድራሻ ሥር ከተከፈተ በጎብኚው አካውንት ስም የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ፋይል እንዲወርድ ማስገደድ፣ ከተቻለም ከሌላ ዶሜይን መላክ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

በአማርኛ ለተሰየመ ፋይል አንድ ጥንቃቄ ይታከላል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሄደር ውስጥ ደግሞ አንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት አሃዝ ስለሚጻፍ «ሰላም» የሚለው ስም ብቻውን 27 ምልክት ይሆናል። ይህ የሚገባው «ፋይልኔም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኮከብ ባለበት መስክ ነው። ኮከብ የሌለውም መስክ በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ስም ይዞ አብሮ ይቀመጥ፤ የኮከቡን መስክ የማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞች የሚያነቡት እርሱን ነውና።