የስክሪን ቀረጻ ለጀማሪዎች ማስተማሪያነት፦ አዘገጃጀቱና አሠረጫጨቱ

በትምህርት ሥራ ውስጥ ማሳየት ከመንገር ይበልጥ እንደሚያስተምር መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። የሳይንስ መምህር ሙከራውን በተማሪዎቹ ፊት ይሠራል፤ የእጅ ሥራ መምህርም መጋዙን ይዞ አቆራረጡን ያሳያል። የኮምፒዩተር አጠቃቀምም በዚሁ መንገድ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ብዙ ሠልጣኞች በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ከኋላ የቆመው ሰው የመምህሩን ትከሻ እንጂ ሥራውን አያይም። ይህን ችግር ለማቃለል ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ የስክሪን ቀረጻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የስክሪን ቀረጻ ምን እንደሆነ፣ ለጀማሪዎች እንዴት እንደሚዘጋጅና በምን መንገድ እንደሚሰራጭ ለመምህራንና ለመምህራን አሠልጣኞች ማብራራት ነው።

1. የስክሪን ቀረጻ ምንነት

የስክሪን ቀረጻ ማለት በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ስክሪን ላይ የሚታየውን እንቅስቃሴ ከሠሪው ድምፅ ጋር አጣምሮ በቪዲዮ ፋይል የማስቀመጥ ዘዴ ነው። ካሜራም ሆነ ስቱዲዮ አይጠይቅም። አሜሪካዊው ሰልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንዲት ዘመዱ ሒሳብ ከርቀት ማስጠናት ጀመረ፤ በ2006 ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸ በዩቲዩብ ማሰራጨት ቀጠለ፤ በ2008 ደግሞ ካን አካዳሚ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በእነዚያ ትምህርቶች ላይ የሚታየው የመምህሩ ፊት ሳይሆን በስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ሒሳብ ነበር።

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት በራሱ ፍጥነት የሚሄድ ሥርጭት ስለነበረ፣ መምህሩም ሆነ ተማሪው ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። የስክሪን ቀረጻ ግን በተማሪው እጅ ያለ ፋይል በመሆኑ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ ይደገማል። ሆኖም ይህ ጥቅም የሚገኘው ቀረጻው ሊታይና ሊነገር የሚገባውን ሁሉ የያዘ እንደሆነ ብቻ ነው። ያልተነገረ ነገር ቀረጻው አሥር ጊዜ ቢመለስም አይገኝም።

2. ስክሪኑ የማያሳየው ሥራ

ስክሪን የሚያሳየው በአብዛኛው ውጤትን ነው። የሠሪው እጅ በየትኛው የኪቦርድ ቁልፍ ላይ እንዳረፈ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንን ለምን እንደመረጠ አይታይም። ይህንን ለመረዳት መምህራን ሁሉ የሚያውቁትን የተማሪዎች ውጤት ሮስተር በኤክሴል መሥራትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

የሮስተሩ ዓምዶች በቅደም ተከተል ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከዚያም የአምስት ትምህርቶች ውጤትና ድምር ናቸው እንበል። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ተማሪ ረድፍ በድምር ሳጥን ላይ ቆሞ «አውቶሰም» የተባለውን ምልክት ሲጫን፣ ኤክሴል በስተግራ ተያይዘው የሚገኙትን ቁጥሮች ሁሉ ለመደመር ይመርጣል። ዕድሜም ቁጥር ነውና አብሮ ይመረጣል። ልምድ ያለው አሠልጣኝ በሳጥኖቹ ዙሪያ የሚንቀሳቀሰውን የተቆራረጠ መስመር ዐይቶ ምርጫውን ከመጀመሪያው ትምህርት እንዲጀምር ያስተካክልና «ኢንተር»ን ይጫናል። ይህ ሁሉ ከሁለት ሴኮንድ አያልፍም፤ አሠልጣኙም ስለለመደው መናገር ያለበት ነገር መሆኑን ልብ አይለውም።

ጀማሪው ግን ያየው ድምሩ መምጣቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱ ሲሠራ ዕድሜውን ሳያወጣ ይደምራል። በዚህም ምክንያት 412 ነጥብ ያለው የ14 ዓመት ተማሪ 426፣ 411 ነጥብ ያለው የ16 ዓመት ተማሪ ደግሞ 427 ያገኛሉ። ሁለተኛ የነበረው አንደኛ ሆነ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ከእውነተኛ ውጤት ስለማይርቁ ስሕተቱን የሚጠረጥር ሰው ላይኖር ይችላል።

አማካይ ውጤትን በማስላትም ተመሳሳይ ችግር አለ። ከአምስት ትምህርቶች በአራቱ 80 አግኝቶ ለአምስተኛው ፈተና ያልቀረበ ተማሪ ሳጥኑ ባዶ ቢተው፣ ኤክሴል ባዶውን ስለማይቆጥር አማካዩ 80 ይሆናል፤ ዜሮ ቢጻፍበት ግን 64 ይሆናል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የት/ቤቱ ደንብ እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም። ቀረጻው ይህንን ካልገለጸ ቁልፍ መጫንን ብቻ አስተማረ እንጂ ሥራውን አላስተማረም።

ከዚህ ሌላ፣ ጀማሪ የሆነ ሰው ያየውን ሠርቶ ውጤቱ ባይገጥምለት ጉድለቱን በቀረጻው ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ያደርጋል። «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ መሣሪያውን እስከ መተው ይደርሳል። ስለሆነም በእያንዳንዱ እርምጃ አሠልጣኙ ሦስት ነገሮችን መፈጸም አለበት፤ ከመሥራቱ አስቀድሞ ምን እንደሚሠራና ለምን እንደሆነ መናገር፣ በዝግታ መሥራት፣ ከሠራም በኋላ ጥቂት ቆም ብሎ በስክሪኑ ላይ ምን መታየት እንዳለበት ማረጋገጥ ናቸው።

3. ከቀረጻ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ሀ. አንድ ቀረጻ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በኤዴክስ የኢንተርኔት ትምህርቶች ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተመልካቾች የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንዳላለፈ አሳይተዋል። ስለዚህ ድምር፣ አማካይና ደረጃ በሦስት የተለያዩ ቀረጻዎች ቢቀርቡ ይመረጣል።

ለ. ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ይዘጋጅ፤ በአንዱ የሚታየው፣ በሌላው የሚነገረው ይሰፍራል። የሚነገረው ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ግን አይጠቅምም። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር እንደሚያስረዳው፣ ሥዕልን በንግግር ብቻ ማብራራት ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ደግሞ ከማቅረብ ይበልጥ ለትምህርት ይረዳል።

ሐ. የፕሮግራሙ ቃላት በእንግሊዝኛ በሚታዩበት ጊዜ አሠልጣኙ በመጀመሪያ ቃሉን እንደተጻፈው ይጥራው፤ ቀጥሎም ትርጉሙን በሠልጣኞቹ ቋንቋ ይግለጽ። «አስገባ የሚለውን ተጫኑ» የተባለ ጀማሪ በስክሪኑ ላይ «ኢንሰርት» እንጂ «አስገባ» የሚል አያገኝም።

መ. በቀረጻው ላይ የእውነተኛ ተማሪዎች ስምና ውጤት ፈጽሞ መታየት የለበትም። ለማስተማሪያ የሚሆን ሮስተር በፈጠራ ስሞች ይዘጋጅ። የግል መልእክቶችና ማስታወቂያዎችም እንዳይታዩ አስቀድሞ ይዘጉ። አንድ ጊዜ ከእጅ የወጣን ፋይል መልሶ መሰብሰብ አይቻልምና።

4. ቀረጻው

ለቀረጻ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በአብዛኛው በመሣሪያው ላይ ይገኛል። በዊንዶውስ 11 ላይ ያለው «ስኒፒንግ ቱል» እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስክሪን ይቀርጻል፤ በማክ ኮምፒዩተር ላይ «ኮማንድ»፣ «ሺፍት»ና 5 ቁጥርን አንድ ላይ በመጫን ይጀመራል፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ያሉ ብዙ ስልኮችም ይህ አገልግሎት አላቸው። ከዚህ የበለጠ ለሚፈልግ ደግሞ «ኦቢኤስ ስቱዲዮ» የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል።

የቀረጻው ጥራት ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ላይ ይመሠረታል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ወደ ጎን ዘንበል ይበል። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ በዝናብ ሰዓት መቅረጽ አይመከርም። ብዙዎች የሚመለከቱት በስልክ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ መጉላት አለበት። ከሁሉ በፊት የግማሽ ደቂቃ ሙከራ ተቀርጾ ይደመጥ።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ ሥራውን ለማያውቅ አንድ ሰው ይሰጥና ያለ ረዳት እየተመለከተ እንዲሠራ ይደረግ። አዘጋጁ በአጠገቡ ተቀምጦ ሳይናገር፣ ሰውየው የተደናገረባቸውንና የተሳሳተባቸውን ቦታዎች ብቻ ይመዝግብ። የሚታረሙት እነዚያ ቦታዎች ናቸው።

5. ሥርጭት

የፋይሉ መጠን የሚወሰነው በቀረጻው ርዝመትና በሴኮንድ በሚይዘው መረጃ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚይዝ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት፣ በአምስት ደቂቃ 37.5 ሜጋባይት ይሆናል። በስክሪን ቀረጻ ውስጥ አብዛኛው ምስል ስለማይንቀሳቀስ፣ ጽሑፉ ጎልቶ እስከተዘጋጀ ድረስ 1280 በ720 የሆነ ልክና «ኤምፒ4» የተባለው የፋይል ዓይነት ይበቃሉ።

ኢንተርኔት ባለበት አካባቢ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስም በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት ቢላክ ይሻላል። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ በፍላሽ ዲስክ፣ በሜሞሪ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የእያንዳንዱ ፋይል ስም በተራ ቁጥር ይጀምር፤ ለምሳሌ «01 ድምር»፣ «02 አማካይ»። የፕሮግራሙ እትምና የተቀረጸበት ቀን በመግቢያው ይነገር፤ ምልክቶቹ ከእትም ወደ እትም ይለወጣሉና። ከቀረጻው ጋር የመለማመጃ ሮስተሩና ትክክለኛ መልሱ አብረው ይላኩ። ጀማሪው ሥራው ትክክል መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው የሚያመሳክርበት ሲኖረው ነው።

6. ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የስክሪን ቀረጻ በአነስተኛ ወጪ የሚዘጋጅና ብዙዎችን የሚያዳርስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው። በዚያው መጠን ግን ጉድለቱም ብዙዎችን ያዳርሳል። በክፍል ውስጥ ያልገባው ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፤ በቀረጻ የሚማረው ግን የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። እንግዲህ የአዘጋጁ ዋና ተግባር ያልተጠየቀውን ጥያቄ አስቀድሞ ማሰብና እጁ በልማድ የሚሠራውን ሁሉ በቃል መግለጥ ነው። ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች ይለዋወጣሉ፤ ይህ ተግባር ግን በማናቸውም መሣሪያ ለሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚቀር አይደለም።