ጥሩ ቋንቋ ወይስ ገበያ ያለው ቋንቋ?

እዚህ ዶራሌ «ቲቸር፣ የትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይሻላል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የሚሻለውና ገበያ የሚፈልገው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ከራሳችን ፊደል እንጀምር። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ብዙ ቢሮዎች ግን ለዓመታት የለመዱትን አሮጌ ፎንት አልተዉም፤ ደብዳቤው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር።

በፕሮግራም ቋንቋም እንደዚሁ ነው። ጃቫስክሪፕት በ1995 በ10 ቀን ተሠራ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ባለ «5» ላይ 3 ስትደምሩ 53 ይላችኋል፣ ዝም ብሎም ያልፋል። ነገር ግን ኔትስኬፕ ውስጥ ስለገባ ዓለምን አዳረሰ። አዳ የተባለው ቋንቋ እንዲህ ያለውን ስህተት ፕሮግራሙ ሳይነሳ ይይዛል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አዳን የመጠቀም ግዴታውን በ1997 ሲያነሳ ብዙዎች ተዉት፤ ስህተት ሕይወት በሚያጠፋበት በአውሮፕላን ሥራ ግን ዛሬም አለ።

ምክንያቱ ምንድነው? ገዢ የሚያየው ዋጋውንና ስክሪኑን ነው፤ የውስጡ ጥራት የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ሲበላሽ ነው።

ስለዚህ ለእንጀራችሁ ገበያ ያለውን ተማሩ፤ ጥንቃቄውን ግን ከአዳ ውሰዱ። ሳትፈትኑ አታስረክቡ። እኛ ስደተኞች ዲግሪያችን ባይሟላ እንኳ ሥራችን ይመስክርልን።