የአእምሮ ጤና ተመራማሪ ምን ይሠራል? የቡታጅራ መልስ

ወባን ለማወቅ ከጣት ጫፍ የተወሰደች ጠብታ ደም ትበቃለች። ድባቴን ወይም ጭንቀትን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን እስካሁን የለም። የአንጎል ምስልም ቢሆን ስለ አንድ ታካሚ "ይህ ሰው ድባቴ አለበት" ብሎ አይመሰክርም። ሕመሙ የሚታወቀው ታማሚው ራሱ ሲናገረው፣ ቤተሰብ ሲታዘበው፣ የሠለጠነ ሰው ደግሞ በሥርዓት ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ የዚህ መስክ ተመራማሪ ዋና መሣሪያው ጥያቄ ነው። ማንን፣ የት፣ በምን ቃል፣ ስንት ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ግን ዕድሜ ይፈጃል።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2019 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከድባቴ ጋር፣ 300 ሚሊዮን ያህል ደግሞ ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ግምቶች ጀርባ በየአገሩ ቤት ለቤት ዞሮ የጠየቀ፣ የመዘገበ፣ ያሰላ ሰው አለ። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሠሩት እነማን እንደሆኑና ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ቡታጅራን መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የሕዝብ መዝገብ ነበር

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዙ የውጭ ሐኪሞች ዘንድ ድባቴ አፍሪካዊውን ገበሬ እምብዛም አይነካም የሚል ግምት ነበር። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኔዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ኺል ከባልደረባው ጋር ሆኖ የአንዲት ትንሽ ከተማንና የአንድ ደቡብ ምዕራብ ገጠር መንደርን ነዋሪዎች አጥንቶ ውጤቱን በ1969 እና በ1970 አሳተመ። የአእምሮ ሕመም በመንደሩም በከተማዋም ተገኘ። የታመሙት ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ ለማወቅ ግን እየተመላለሰ የሚከታተል ሰው ያስፈልግ ነበር።

ለዚህ የሚሆን መሠረት የተጣለው በ1986 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክትን አቋቋመ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው አንድ በአንድ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው በየጊዜው ይመዘገብ ጀመር። መዝገቡ የተከፈተው ለአእምሮ ሕመም ተብሎ አልነበረም። ሆኖም በየትኛው ቤት ማን እንደሚኖር የታወቀበት አካባቢ ለእንዲህ ያለው ምርምር ትልቅ ሀብት ነው፤ ወደ ሆስፒታል የመጣውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ የቀረውንም ማግኘት ያስችላል።

የአእምሮ ሐኪሙ አታላይ ዓለም ይህን ሀብት ተጠቀሙበት። በ1990ዎቹ በቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶች ስለ ጭንቀት፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና ራስን ስለ ማጥፋት ሙከራ ተጠየቁ። ከ100 ሰዎች ሦስቱ ያህል በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ በፊት በገጠር ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ ስፋት የጠየቀ አልነበረም። አታላይም በ1997 ከኡሜዮ የፒኤችዲ ዲግሪያቸውን ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው።

ጎረቤት ያወቀው፣ መጠይቅ ያመለጠው

ቀጥሎ የመጣው ጥናት ከዚያም የሰፋ ነበር። ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ስኪዞፍሬንያን፣ ባይፖላርንና ከባድ ድባቴን ለመለየት ተጠየቁ። ተመራማሪው ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ሕመምተኞቹን በሁለት መንገድ ነበር የፈለጉት። አንደኛው በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ረጅም መጠይቅ ሲሆን ሁለተኛው አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን "በዚህ ቀበሌ እንዲህ ያለ ጠባይ የሚታይበት ሰው አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነበር።

ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በማግኘት የተሻለው ሁለተኛው መንገድ ሆነ። በሕመሙ ክፉኛ የተጎዳ ሰው መታመሙን ላያምን፣ ጨርሶ ላይናገርም ይችላል፤ ጎረቤት ግን ያውቀዋል። ድባቴና ጭንቀት በአንጻሩ ከጎረቤት ዓይን ይሰወራሉ። ውሃዋን እየቀዳች፣ እንጀራዋን እየጋገረች ውስጧ የሚነድባትን ሴት ማንም "ታማለች" አይልም። እሷን ማግኘት የሚቻለው ለብቻዋ፣ በጥንቃቄ በተመረጡ ቃላት በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ለእያንዳንዱ ሕመም የትኛው መንገድ እንደሚሠራ ሞክሮ ማረጋገጥ አለበት፤ ሌላ አገር ተፈትኖ ያለፈ መጠይቅ እዚህም ይሠራል ብሎ መነሳት አይችልም።

የተገኙት ሕመምተኞች ስማቸው ተመዝግቦ አልተተዉም፤ 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያሳተሙት ውጤት ከባድ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በ30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከሞቱት መካከል ግማሽ የሚሆኑትን የገደለው ሊታከም የሚችል ተላላፊ በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን እውነት አንድ ጊዜ ጠይቆ በሄደ ጥናት ማግኘት አይቻልም።

ሌላው ምሳሌ የእናቶች ጥናት ነው። ከ2005 ጀምሮ እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሻርሎት ሃንሎንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን በቡታጅራ ተከታተሉ። የእናት ጭንቀትና ሐዘን የሕፃኑን ክብደት እንደሚቀንስ ከደቡብ እስያ የወጡ ጥናቶች ይናገሩ ነበር። በቡታጅራ ይህ አልታየም። የታየው ብዙ የጭንቀት ምልክት የነበረባቸው እናቶች ምጥ ይረዝም እንደነበርና ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው እንደሆነ ነው። የአንድ አገር ውጤት ለሌላው እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ወደ ሙያው የሚያስገቡ በሮች

የመጀመሪያው ትውልድ የተማረው ውጭ እየተመላለሰ ነው። በኡሜዮ ኮርስ ይወሰዳል፣ መረጃው ቡታጅራ ይሰበሰባል፣ ጽሑፉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ ይጻፋል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በአገር ውስጥ ጀመረ። የካናዳ መምህራን በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ አስተማሩ፤ ተመራቂዎቹም ራሳቸው መምህር ሆኑ። ቆይቶም ዩኒቨርሲቲው በአእምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂ የፒኤችዲ ትምህርት ከፈተ። ጎንደርና ጅማም በማስተርስ ደረጃ ባለሙያ ያሠለጥናሉ።

መንገዱ ረጅም ነው። በሐኪምነት ለሚመጣ ሰው የሕክምና ትምህርቱ፣ የግዴታ አገልግሎቱ፣ ስፔሻሊቲው፣ ከዚያም ፒኤችዲው ሲደመር "ተመራማሪ" የሚለውን ስም የሚያገኘው ዕድሜው 30 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪም መሆን ግን ግዴታ አይደለም። ከሳይኮሎጂ፣ ከነርስነት፣ ከማኅበረሰብ ጤና፣ ከአንትሮፖሎጂ የመጡ ብዙ አሉ። የብዙዎቹን የቡታጅራ ጥናቶች ስሌት ሲሠሩ የኖሩት ግርማይ መድህን በአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናቸው። የማኅበረሰብ ጤናው ደረጀ ከበደና የኡሜዮው ላርስ ያኮብሶንም በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ውስጥ ነበሩ። አንድ ጥሩ ጥናት ብዙ ሙያ ይፈልጋል።

የሥራው ውሎ

አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በዝግጅት ነው። ለምሳሌ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄው የድባቴ መለኪያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ሌላው ስለ ድካም ነው። በጾም ወራት ወይም በአጨዳ ሰሞን የሚሰጠው መልስ ሕመምን ይናገራል ወይስ ወቅቱን? ይህን ለመለየት መጠይቁ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል፣ የሐኪም ቃለ መጠይቅ ከሰጠው ውጤት ጋር ይነጻጸራል፣ ሕመምተኛ የሚባለውም ከየትኛው ነጥብ ጀምሮ እንደሆነ እንደገና ይወሰናል።

ይህ ሥራ ድንበር ይሻገራል። ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያንን ለመመርመር የዓለም ጤና ድርጅት አጭር መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን በሚስማማ መልኩ የተዘጋጀበት ጥናት በ2008 ታትሟል። ከአዘጋጆቹ መካከል የቀደመው ትውልድ የአእምሮ ሐኪም ፍቅሬ ወርቅነህና ያው ሮበርት ኺል ይገኙበታል።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ይሠለጥናሉ። ጠያቂዋ የጥናቱን ዓላማ ትናገራለች፣ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ይስማማል። አንድ ክፍል ባለው ቤት አማትና ልጆች ባሉበት ስለ ሞት ምኞት መጠየቅ አይቻልምና ጓሮ ወይም ዛፍ ሥር ይፈለጋል። "መሞት እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥም መልሱን መዝግቦ መሄድ ክልክል ነው። አስቀድሞ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፤ ለተቆጣጣሪ ይነገራል፣ ሰውየውም ወደ ሕክምና ይላካል። ይህን ቀን በቀን የሚሰሙ መረጃ ሰብሳቢዎች እነሱም ሸክም ይዘው ይገባሉ። የተመራማሪው ኃላፊነት ለእነሱም ነው።

የሙያው ድክመት ገንዘቡ ላይ ነው። የምርምር ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ ሕመሙ ግን ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ድጋፉ ሲያልቅ የሠለጠነው ሰው ይበተናል። ሐኪም የሆነው ተመራማሪ ደግሞ ጠዋት ታካሚ ያያል፣ ከሰዓት ያስተምራል፣ የገንዘብ ማመልከቻውን የሚጽፈው ማታ ነው።

ጥናት ሕክምና ሲሆን

ከ2011 በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። የታመመው ሰው መኖሩ ታውቋል፤ ማን ያክመው? ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ኔፓል፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ በተሳተፉበት "ፕራይም" በተባለው ፕሮግራም በቡታጅራ አቅራቢያ የሚገኘው የሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠለጠኑ። እዚያም ድባቴ ከጤና ባለሙያው ዓይን በብዛት ሲያመልጥ ታየ፤ ታካሚው ራስ ምታትና ድካም ብሎ ይመጣል፣ የራስ ምታት መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

ሌሎች ሙከራዎች ተስፋ ሰጡ። በ2022 የታተመ ጥናት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣው፣ 166 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤት ለቤት የሚሰጡት ድጋፍ ሕመሙ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ዮናስ ባሕረ ጥበብ፣ ዳዊት ወንድማገኝና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው የጸበል አገልግሎትና የሆስፒታል ሕክምና ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ አጥንተው በ2021 አሳትመዋል። ጸበል ቦታ ያለውን ታካሚ ማግኘት የሚቻለው አባቶችን አክብሮ በመቅረብ ነው።

ይህን ሙያ የምታስቡ ተማሪዎች ከሆናችሁ ከርዕስ ምርጫ በፊት ሦስት ነገር ይቅደም። ለጥቂት ወራት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከታካሚዎች ጋር መዋል፣ ስታቲስቲክስን ሳይፈሩ መማር፣ የምታጠኑትን አካባቢ ቋንቋ መልመድ። አማካሪ ስትመርጡም የጽሑፎቹን ብዛት ብቻ አትቁጠሩ፤ ወዳጠናው መንደር ስንት ዓመት እንደተመላለሰ ጠይቁ። ቡታጅራ ለዓለም የምትጠቀስ የምርምር ቦታ የሆነችው እየተመላለሱ በጠየቁ ሰዎች ነው፤ ሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎችም እንዲህ ያሉ ሰዎች ያስፈልጓቸዋል።